ሮጦ መድረስ ብቻውን አያድንም



ዛሬ የምጽፈው ደስ የሚል ነገር አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቦኖሻ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ሁለት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ውሃው ከረግረጉ ወጥቶ ማሳውን ሸፍኖት ነበር። ከብት ሊመልስ የወጣ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ውሃ ወሰደው። የሰፈሩ ጎረምሶች ነፍሳቸውን ሸጠው ገቡና አወጡት። ቶሎ ነው ያወጡት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ስሙ። አንዱ እግሩን ይዞ ቁልቁል ዘቀዘቀው፤ የጠጣው ውሃ እንዲወጣ። ሌላው ሆዱን ይጫናል። ሦስተኛው "እሳት አንድዱለት" ይላል። እናት ትጮኻለች፤ ሰው ሁሉ ይጮኻል። በዚያ ሰው መሐል ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ነበር። ቆሞ ቀረ።

በኋላ ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። እንዲህ አለኝ፦ "ኡስታዝ፣ አላውቅም እንዳልልህ ተምሬዋለሁ። በአሻንጉሊት ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ግን የተማርኩት አልጋ አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ ከጎኔ አንድ ትልቅ ሐኪም አለ ተብሎ ነው። ጭቃ ላይ ተንበርክኬ፣ መቶ ሰው እየጮኸብኝ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።"

ልጁን አጥበን የከፈንነው እኛ ነን። ሰው ሁሉ "ቀደር ነው" አለ፤ እኔም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ወጣት ሰነፍ አልነበረም፤ ፈሪም አልነበረም። እኛ ነን ለማይኖርበት ዓለም አሠልጥነን ለሚኖርበት ዓለም የላክነው።

የዛሬው ክርክሬ ይኼ ነው። ጎርፍ፣ ናዳ፣ በረሃ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መንገድ የሌለው ተራራ፦ እነዚህ ቦታዎች የራሳቸው ሕክምና አላቸው። ሕክምናው ደግሞ ክፍል ውስጥ ተምረውት የሚያበቃ ሳይሆን እዚያው፣ በጭቃውና በጨለማው፣ በተግባር የሚለመድ ነው። እኛ ግን ድፍረትን በሥልጠና ቦታ አስቀምጠን፣ ሰው ሲሞት "ጀግና" ብለን እንሸኛለን።

ጎፋን ረሳነው እንዴ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሌሊቱን በዘነበው ከባድ ዝናብ ተራራው ተንዶ ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት ሰማ፣ ሮጠ። አካፋ የያዘ በአካፋ፣ ያልያዘ በእጁ መቆፈር ጀመረ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ሊያድን የመጣውን ሕዝብ ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው። ከሟቾቹ መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ባለሙያዎችም እንደነበሩ በወቅቱ ተነግሯል። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሁላችንም ፎቶውን አጋራን፣ አለቀስን፣ ዱዓ አደረግን። ከዚያስ?

እነዚያን ሰዎች ልወቅስ አይደለም። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር፤ አንተም ትሮጥ ነበር። ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ ሰው የለንም፤ አልሐምዱሊላህ። ግን በዓለም ላይ የነፍስ አድን ሥራ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚማረውን ነገር ልንገራችሁ። ከቁፋሮው በፊት ነው። "አንተ ከሞትክ ማንንም አታድንም" የሚል ነው። የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም አይገባም። ጥቂቶች ይገባሉ፣ ሌሎች ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ቁፋሮውን ትቶ ላይ ላዩን ብቻ ያያል፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ወይም ውሃ ሲመነጭ ፊሽካ ይነፋል። መሸሻው በየት በኩል እንደሆነ ከመግባታቸው በፊት ተነጋግረዋል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ይዞት የነበረውን ጥሎ ይሮጣል።

ይህ ምን ያህል ገንዘብ ያስወጣል? ፊሽካ ስንት ነው?

አውቃለሁ፣ ይህ ሁሉንም ነፍስ ያድን ነበር ማለት አልችልም። ሆኖም በየተራራው ሥር በምንኖርበት አገር፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ ይህችን ትንሽ ሥርዓት የሚያውቁ አሥር ሰዎች መኖራቸው ምኑ ነው የሚከብደው? ጤና ባለሙያውስ ይህን ሳያውቅ ለምን ይመረቃል?

ቦታው ሲለወጥ ሕክምናው ይለወጣል

አንዳንዱ "ሕክምና ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ ከተማረ የትም ይሠራል" ይላል። አይደለም ወንድሜ። ሦስት ምሳሌ ልስጥህ።

አንደኛ፣ ውሃ። ውሃ የበላውን ሰው የሚገድለው ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ አይደለም፤ አየር ማጣቱ ነው። ስለዚህ መዘቅዘቅ የለም፤ ሆድ መጫን የለም። በጀርባው አስተኝተህ፣ አገጩን ቀና አድርገህ፣ መጀመሪያ ትንፋሽ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ካልነቃ ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት እያፈራረቅክ ትቀጥላለህ። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ልጁን ሲዘቀዝቁት ያባከኗት ደቂቃ ናት እስካሁን የምታቃጥለኝ።

ሁለተኛ፣ ፍርስራሽ። ግድግዳ ወይም ድንጋይ እግሩ ላይ ለሰዓታት የወደቀበት ሰው እያወራ፣ እየቀለደ ሊቆይ ይችላል። ድንጋዩ ሲነሳለት ግን በድንገት ይሞታል። ለምን? የተጨፈለቀው ሥጋ ውስጥ የተጠራቀመው ፖታሲየም ድንጋዩ ሲነሳ ወደ ደሙ ገብቶ ልብን ያቆማል። ከዚህ ያመለጠውን ደግሞ ኩላሊቱ ይከዳዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሐኪሞች ይህን አይተው በ1941 እ.ኤ.አ. ጻፉት። መፍትሔው ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት መጀመር ነው። ይኼ ማለት ሐኪሙ ሆስፒታል ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ፍርስራሹ ውስጥ በደረቱ ተስቦ ይገባል ማለት ነው። በታኅሣሥና በጥር 2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። ስምጥ ሸለቆው የእኛም ጎረቤት ነው። ነገ ቢመጣብን ማን ነው የሚሳበው?

ሦስተኛ፣ ሙቀት። ይህኛው ለእኛ ሙስሊሞች ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2016 ሐጅ ላይ በመካ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ አለፈ፤ 1,301 ሰዎች እንደሞቱ የሳዑዲ መንግሥት አሳወቀ። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የመጡ፣ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግር የተጓዙ ነበሩ። አሏህ ይማራቸው። ሙቀት ያናወዘውን ሰው ማዳን የሚጀምረው ወደ ሆስፒታል በማስሮጥ ሳይሆን እዚያው በማቀዝቀዝ ነው። ሰውየው መቀባዠር ከጀመረ ልብሱን አውልቀህ፣ ውሃ አርከፍክፈህ፣ አርገብግበህ ታበርደዋለህ። መኪናው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካለም በመንገድ ላይ እያበረድከው።

ይህ ዕውቀት ከየት መጣ? ከራሱ ከሙቀቱ ቦታ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ሙስጠፋ ኾጃሊ የተባሉ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር ለሐጃጆች ብለው "የመካ የሰውነት ማቀዝቀዣ" የሚባለውን ሠሩ። በሽተኛው በመረብ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ደቃቅ ውሃ ከላይና ከታች ይረጭበታል፤ ሞቅ ያለ አየር ይነፋበታል። "ለምን ሞቅ ያለ?" ብትል፣ ቆዳው ድንገት ከቀዘቀዘ የደም ሥሩ ተኮማትሮ ሙቀቱን ውስጥ ይዞ ያስቀራል ብለው ስላሰቡ ነው። አየህ? ሰዎቹ ከችግሩ ሥር ተቀምጠው ነው ያሰቡት። እኛስ? ዳሎል በአፋር ምድር አለች፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ ከ34 ዲግሪ በላይ ተመዝግቧል፤ ሰው ከሚኖርባቸው የምድር ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ። ጨው የሚቆርጡት ወንድሞቻችን እዚያ ናቸው። የሙቀትን ሕክምና ለዓለም ማስተማር የነበረብን እኛ ነን።

"ቀደር ነው" ለሚሉት

አሁን ወደሚቀርቡብኝ መልሶች ልምጣ። በጣም የሚያሳዝነኝ በዲን ስም የሚቀርበው ነው። "የሞት ቀን ካልደረሰ ማንም አይሞትም፤ ከደረሰም ሐኪም አያቆመውም። ዋናው ኢማን ነው።"

ኢማኑ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ሲደርሱ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሰሓቦችን አማከሩና ሠራዊቱን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) "ከአሏህ ውሳኔ ትሸሻለህን?" በሚል ጠየቋቸው። ዑመር መመለሱም ራሱ የአሏህ ቀደር መሆኑን አስረዱ፤ አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመል የሚያሰማራን ሰው ምሳሌ አድርገው። ከዑመር የበለጠ ቀደርን የሚያውቅ አለ?

ሌላም አለ። ሕክምናን ሳያውቅ ሰውን ያከመና ጉዳት ያደረሰ ሰው ተጠያቂ እንደሆነ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተላልፎልናል፤ ዑለማዎችም በፊቅህ መጻሕፍት አብራርተውታል። ሰውን ሳያሠለጥን የላከውስ? እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ የኢማም ረዳት ነኝ። ይህን ጥያቄ ግን ለታላላቆቼ አቀርባለሁ።

ታሪካችንም ይመሰክራል። ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ የቆሰሉት ሰዕድ ቢን ሙዓዝ (ረ.ዐ) የታከሙት በመስጂዱ ግቢ በተተከለ ድንኳን ነው። ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ ስሟ እስከ ዛሬ ይነሳል። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ወጥታ ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። እነዚህ ሴቶች ሕክምናን የሠሩት በጸጥታ ቤት ተቀምጠው ሳይሆን አቧራና ደም ባለበት ነው። እህቴ፣ "ሴት ልጅ ገጠር ወጥታ እንዴት ትሠራለች" የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው።

"የሀብታም አገር ቅንጦት ነው" ለሚሉት

ሁለተኛው መልስ ይህ ነው፦ "እንግሊዞች ሐኪም ወደ አንታርክቲካ ሲልኩ ለወራት ያሠለጥኑታል፤ ጥርስ መንቀል፣ ራጅ ማንሳት፣ ማደንዘዣ መስጠት ሳይቀር ያስተምሩታል፤ ገንዘብ አላቸው። እኛ ጓንት እንኳ አጥተናል።"

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዕቃ ያለው ሰው በዕቃው ይደገፋል፤ ዕቃ የሌለው ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው። በ1961 እ.ኤ.አ. ሊዮኒድ ሮጎዞቭ የሚባል የ27 ዓመት የሶቪየት ሐኪም በአንታርክቲካ ትርፍ አንጀቱ ታመመ። በጣቢያው ሌላ ሐኪም የለም፤ አውሮፕላንም በማዕበሉ መምጣት አይችልም። መስታወት የሚይዝለትና መሣሪያ የሚያቀብለው ሰው አጠገቡ አስቀምጦ፣ ራሱን በራሱ ቀዶ አወጣው። ዳነም። ያዳነው ምንድን ነው? ዕቃ አይደለም። ለብቻው የመወሰን ሥልጠና ነው። ክረምት ላይ ውሃ መንገድ የቆረጠባት የሻሾጎ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሮጎዞቭ በምን ትለያለች? እሷም ብቻዋን ናት። እሷ ግን ለብቻ መሆን አልሠለጠነችም።

ደግሞም የእኛ አገር ይህን ሠርታ ታውቃለች። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ በአንድ ቡድን ተዋቅረው፣ ቆላ ድባ ወርደው በሽታው ባለበት ይሠሩ ነበር። ሐኪም ቤት ተገንብቶ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ያ ዘመን ኢትዮጵያ ከዛሬው ይልቅ የምትደኸይበት ዘመን ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። ዓለም መጥቶ የተማረበት ሥራ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት አሠልጥኖ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የምጥ ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ ወደ ወረዳ ሆስፒታል መላክ ተጀመረ። ስንት እናት ተረፈች! ከዚያ በፊት ይህንኑ መንገድ የሞከረችው ሞዛምቢክ ናት፤ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች፣ በ1984 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ይሠለጥናሉ።

ስለዚህ "አንችልም" አትበሉኝ። ችለናል። የቀረን ሥልጠናውን ከሆስፒታሉ በር አውጥተን ጎርፉ ዳር ማድረስ ነው።

"መጀመሪያ መንገድና ሆስፒታል" ለሚሉት

መንገድም ሆስፒታልም ያስፈልገናል፤ ማን ይጠላል? በሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለን። ስሟን የተሸከመችው እሌኒ የሐዲያው ገራድ ልጅ ነበረች፤ ስሙም የሚያኮራን ነው። ግን ውሃ የበላው ልጅ አምስት ደቂቃ እንጂ ሆሳዕና ድረስ ጊዜ የለውም። ቢላቴ ሲሞላ፣ የቦዮ ረግረግ ሲሰፋ አምቡላንስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይቀራል። የመጀመሪያው ሕክምና የሚሠራው ሁሌም አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ ነው። እዚያ ያለው ሰው ካላወቀ፣ የተሠራው ሆስፒታል ሬሳ ይቀበላል።

"ፈቃደኛ ሰው እንጂ ሥልጠና አልጠፋም" ለሚሉት

ይህኛው ከራሳችን ከወጣቶቹ የሚመጣ ነው። "ኢኽላስ ይበቃል፤ ነገር አታወሳስቡ" ይላሉ። ኢኽላስ ያለ ዕውቀት ምን እንደሚያደርግ የሄይቲን ታሪክ ተመልከቱ። ጥር 2010 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርት ኦ ፕረንስን ሲያፈርስ ከመላው ዓለም ሐኪሞች ጎረፉ። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ። ግን እንዲህ ባለ ቦታ ሠርተው የማያውቁ፣ የራሳቸውን ውሃና ድንኳን እንኳ ያልያዙ ነበሩባቸው። መቆረጥ የሌለበት እግር የተቆረጠበት፣ የተቆረጠውም ተከታትሎ የሚያክመው ያጣበት ሁኔታ ተፈጠረ። ከዚህ የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ለድንገተኛ የሕክምና ቡድኖች ዝቅተኛ መስፈርት አወጣ። ቅንነት ብቻውን ጫና እንደሚሆን ዓለም በሰው እግር ተምሯል።

እኛስ በማን እግር እንማር?

ታዲያ ምን እንበል?

ማማረር ቀላል ነው። ስለዚህ ለማን ምን እንደምል በግልጽ ላስቀምጥ።

1. ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢያችን ጤና ለሚያስተምሩ ኮሌጆች፦ ተማሪዎቻችሁ የገጠር ልምምዳቸውን በበጋ ሳይሆን በክረምት፣ አስፋልት ዳር ሳይሆን ውሃ በሚከበው ቀበሌ ያድርጉ። መብራት ሳይኖር ማዋለድ፣ በጭቃ ላይ ትንፋሽ መስጠት፣ በቃሬዛ ሰዓታት የሚጓዝን በሽተኛ መከታተል፣ ስልክ ሳይሠራ መወሰን ይለማመዱ። የጎንደሮቹ ወደ ቆላ ድባ ከወረዱ፣ የእኛዎቹ ወደ ሻሾጎ መውረድ አይችሉም? ለምረቃም ይፈተኑበት። ማንም ተማሪ የማይፈተንበትን ነገር አያጠናም፤ ደረሳ ሆኜ አውቀዋለሁ።

2. ለጤና ቢሮዎች፦ አስቸጋሪ ቦታ የተመደበን ባለሙያ እንደ ተቀጣ ሰው አትመልከቱት። እዚያ የሠራ ሰው ልምዱ ይቆጠርለት፣ የትምህርት ዕድል ይቅደም፣ ለአዲሶቹ አስተማሪ ይሁን። ዛሬ ግን ሰው "ምን አጠፋህ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። በጣም የሚከብደውን ቦታ ገና ለተመረቀ፣ ብቻውን ለሆነ ልጅ መስጠት ግፍ ነው።

3. ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለጀመዓዎች፦ ጀናዛ ማጠብን እናስተምራለን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ፈርድ ኪፋያ ነው። ሰው ጀናዛ እንዳይሆን ማድረግንስ? በየመስጂዱ ቢያንስ አሥር ወጣት፣ አምስት እህት የመጀመሪያ ዕርዳታ ይማሩ። ቀይ መስቀል በአገራችን ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ የጣልያን ጦር መጥቶበት ሥራውን በጦር ሜዳ ጀመረ። ቅርንጫፉን ጠይቁ፣ አሠልጣኝ አምጡ። ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር አብራችሁ ተማሩ። ጎርፍ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ሲያወጡህም "የማን ልጅ ነህ?" አይሉህም።

4. ለአንተ ለወጣቱ፦ ስልክህ ላይ ስንት ሰዓት ታጠፋለህ? ናዳ ሲደርስ ቪዲዮ የሚቀርጸው ብዙ ነው። በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሰውን ትንፋሽ መመለስ መማር ትችላለህ። ከሠለጠንክ በኋላም በስድስት ወር አንዴ ደግመው፤ እጅ ይረሳል። አደጋ ቦታ ስትደርስ ደግሞ ከመግባትህ በፊት ቆም በል። ላይህን እይ፣ መውጫህን እይ፣ አንድ ሰው ጠባቂ አቁም። ይህ ፍርሃት አይደለም። ግመልን አስሮ መመካት ማለት ይህ ነው።

መዝጊያ

አንዳንድ ወንድሞች "ለሞቱት ዱዓ እንጂ ወቀሳ አይገባም" ይሉኛል። ለሞቱት ዱዓችን አይቋረጥም። የጎፋዎቹን አሏህ ይቀበላቸው፤ ሊያድኑ ሲሮጡ የሞቱ ናቸው። ወቀሳዬ በሕይወት ባለነው ላይ ነው። የሞተን ሰው ማሞገስ ምንም አያስወጣንም። ስንት ጊዜ ነው አበባ አስቀምጠን፣ ፕሮፋይል አጥቁረን፣ በሚቀጥለው ክረምት በዚያው አካፋ፣ በዚያው ባዶ እጅ የምንሮጠው?

ያን የጤና ባለሙያ ወንድሜን ሰሞኑን አገኘሁት። በራሱ ወጪ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዷል። አሁን ጁሙዓ ከሰዓት በሰፈሩ ልጆችን ሰብስቦ፣ ሣር የሞላ ጆንያ ሰው አድርጎ፣ ጭቃ ላይ አንበርክኮ ያስተምራቸዋል። ሆን ብሎም ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው እንዲጮኹ ያደርጋል። "ለምን ታስጮኻቸዋለህ?" ብለው፣ "ያን ቀን ያሸነፈኝ ውሃው አልነበረም ኡስታዝ፤ ጩኸቱ ነው" አለኝ።

አንድ ሰው፣ አንድ ጆንያ፣ አንድ ሜዳ። ማንም አላዘዘውም፤ በጀትም አልተያዘለትም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየቀበሌያችን እንደ እሱ ያለ አንድ አንድ ሰው ቢኖር ብላችሁ አስቡት።

አሏህ ከምንሰማው ተጠቅመን የምንሠራ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።

ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለሌሎች አድርሱ፤ በተለይ ጤና ለሚማሩ ወንድሞችና እህቶች።